«ምግቤን ባስተካክል ድብርቱ ይለቀኛል?»

ጥያቄው የመጣው ከዚሁ ከሐዋሳ ነው። ጠያቂዋ 26 ዓመቷ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ የልብስ ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ላይ ትሠራለች። አቶቴ አካባቢ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። የጻፈችው አጠር ሲል ይህን ይመስላል።

«ከጥቂት ወራት ወዲህ ምንም ነገር ደስ አይለኝም። ሥራ ላይ እነጫነጫለሁ፣ ቤት ስገባ ደግሞ እንባዬ ይመጣል። እንቅልፌም ተቆራርጧል። ጠዋት ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ሳልበላ ነው የምወጣው። ፓርክ ስደርስ ቡና እጠጣለሁ። የጾም ቀን ከሆነ እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም። ማታ ደክሞኝ ስለምገባ ዳቦ በሻይ በልቼ እተኛለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጓደኞቼ ቡና ያፈላሉ፣ አብሬ እጠጣለሁ። ቲክቶክ ላይ የደስታ ሆርሞን 90 በመቶው የሚመረተው አንጀት ውስጥ ስለሆነ ሙዝና ጥቁር ቸኮሌት ብሉ ሲሉ ሰማሁ። አንዲት ልጅ ቴሌግራም ላይ ኦሜጋ 3 እና መልቲቫይታሚን ትሸጣለች፣ ልገዛት ነው። እናቴ ደግሞ አንዴ ፀበል ሂጂ ትለኛለች፣ አንዴ ስለማትበዪ ነው ትለኛለች። ምግቤን ባስተካክል ይለቀኛል? ወይስ ሐኪም ቤት መሄድ አለብኝ?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ምግብሽንም ታስተካክያለሽ፣ ሐኪም ቤትም ትሄጃለሽ። አንዱ ሌላውን አይተካም። የቴሌግራሙን ዕቃ ግን ለጊዜው ተዪው። ከጠቀስሻቸው ሰዎች ሁሉ ለእውነቱ የቀረቡት «ስለማትበዪ ነው» ያሉሽ እናትሽ ናቸው።

ስለ ምግብና ስሜት ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ምን ልጨምር?» ብሎ ነው። ሙዝ፣ ቸኮሌት፣ ተልባ፣ ማር። እኔ በሥነ ምግብ ባለሙያነቴ እንዳንቺ ላሉ የፓርክ ሠራተኞች ቀድሜ የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ትናንት ከነቃሽበት ሰዓት እስክትተኚ ድረስ በስንት ሰዓት ምን ቀመስሽ? አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። የጎደለው አንድ ተአምረኛ ምግብ ሳይሆን ምግቡ ራሱ ነው።

የአንቺን ቀን እንየው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ዳቦ በሻይ በላሽ እንበል። ማግስቱ የጾም ቀን ነው። 9 ሰዓት እስኪሆን 19 ሰዓት ሙሉ እህል አልገባም ማለት ነው። በአዘቦቱ ቀን ደግሞ በመሀል ቡናና ስኳር አለ፣ እሱ ግን ምግብ አይደለም። በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ፣ ዓይንሽን ስፌት ላይ ተክለሽ ነው የምትውይው። 4 ሰዓት ላይ እጅሽ ቢንቀጠቀጥ፣ ልብሽ ቢመታ፣ የሱፐርቫይዘርሽ ድምፅ ቢያስጠላሽ አይገርመኝም። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ስኳር አደጋ ላይ እስኪጥል አይወርድም። እንዳይወርድ ግን ሰውነት አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። አድሬናሊን ሲለቀቅ የሚሰማሽና ጭንቀት ሲይዝሽ የሚሰማሽ አንድ ዓይነት ነው። ባዶ ሆድ ላይ ቡና ሲደፋበት ደግሞ ይብሳል። «ጭንቀት ያዘኝ» ብለው መጥተው ቁርስ መብላት ሲጀምሩ ብዙ ቀለል ያላቸው ሰዎች አይቻለሁ። ሁሉም አይደሉም፣ ሙሉ በሙሉም አይደለም፣ ግን ለውጡ የሚታይ ነው።

ትንሽ መብላት ብቻውን ሰውን እንደሚያስከፋ ከታወቀ ቆይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ፣ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ.፣ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። ሁሉም ፈቃደኞች ነበሩ። በአካልም በአእምሮም ጤነኞች መሆናቸው ተመርምሮ ነው የገቡት። ከዚያ ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው ወደ ግማሽ ገደማ ተቀነሰ። መክሳታቸው የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ጠባያቸው ነበር። ተደበሩ፣ በትንሽ በትልቁ ተቆጡ፣ ከሰው ሸሹ፣ ሳቅ ጠፋባቸው፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ብቻ ሆነ። ምግቡ ሲመለስላቸውም ስሜታቸው ወዲያው አልተመለሰም፣ ወራት ፈጀ። ለሳምንታት ሳትበዪ ቆይተሽ በሦስት ቀን ቁርስ «ለውጥ የለም» ብለሽ እንዳትተዪው ይህን አስታውሺ።

ነገሩ በተገላቢጦሹም ይሄዳል። ድብርት ራሱ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ወጥ ለመሥራት የሚያስነሣ አቅም ያሳጣል። ስለዚህ ያልበላሽው ስለተደበርሽ ይሁን የተደበርሽው ስላልበላሽ ከሩቅ ሆኜ መለየት አልችልም። ዞሮ ዞሮ መብላት በሁለቱም በኩል ይረዳሻል።

አሁን ቡና። ሲዳማ ምድር ላይ ተቀምጦ «ቡና ተዪ» የሚል ሰው ሰሚ አያገኝም፣ እኔም አልልሽም። የማነሣው ሰዓቱን ነው። ከጠጣሽው ካፌይን 5 ሰዓት ያህል ካለፈም በኋላ ግማሹ ደምሽ ውስጥ አለ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ከጓደኞችሽ ጋር የጠጣሽው ቡና ሌሊት 7 ሰዓት ላይ በግማሽ ኃይሉ እየሠራ ነው። እንቅልፍ የሚወስድሽ ሴት እንኳ ብትሆኚ እንቅልፉ ይሳሳል፣ ሌሊት ያባንንሻል። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶች ካፌይንን ከሰውነታቸው ለማስወጣት እጥፍ ገደማ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ክኒን ላይ ከሆንሽ የቀኑ ቡናም ሌሊቱን ሊደርስብሽ ይችላል። የመጨረሻው ስኒሽ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይሁን። ማታ ሲፈላ ከጓደኞችሽ አትለዪ፣ ጨዋታው ለአንቺ መድኃኒት ነው። ፈንዲሻውን ብዪ፣ ስኒሽን ለሌላ ስጪ። በአንድ ጊዜ ግን አትቁረጪ፣ ራስ ምታቱ አያስተኛሽም። እንዲያውም በጾም ቀን ረፋዱ ላይ የሚይዘን ራስ ምታት አንዱ መነሻ ረሃቡ ሳይሆን ሳይጠጣ የቀረው ቡና ነው።

ማታ የምትበይው ዳቦ በሻይ ሌላ ጣጣ አለው። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ከዚያ ምግብ የሚገኘውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊያስቀር ይችላል። ቡናም ያስቀራል፣ ከሻይ ግን ያንሳል። «እኛ ጤፍ በላተኞች ነን፣ ደም ማነስ አይነካንም» የሚባለውን ብዙ አትመኚው። ጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ቀላል የማይባለው አውድማ ላይ ከአፈር የመጣ ነው። እህሉ ራሱ ያለውንም ብረት ፋይቴት የሚባል ነገር ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይሻላል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

ብረት ለምን ከስሜት ጋር ተያያዘ ብትዪ፣ አንጎል ዶፓሚንና ሴሮቶኒን የሚባሉትን የስሜት ኬሚካሎች ለመሥራት ይፈልገዋል። ሲያንስ ሴትየዋ ትደክማለች፣ ሐሳቧ ይበተናል፣ ነገር ሁሉ ይከብዳታል። ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ያጥርሻል? ፀጉርሽ በብዛት ይረግፋል? የወር አበባሽ ይበዛል? አፈር፣ ጥሬ ሩዝ ወይ በረዶ ያምርሻል? የመጨረሻውን ሰዎች አፍረው አይናገሩትም። ለእኛ ግን ትልቅ ፍንጭ ነው። ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካልሽ የደም ምርመራውን አታዘግዪው። ስትመረመሪ ደግሞ ሄሞግሎቢን ብቻ ለክተው «ደምሽ ጥሩ ነው» ቢሉሽ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፈሪቲንም ይታይልኝ በዪ። የተከማቸው ብረት ሲያልቅ ሄሞግሎቢን መጨረሻ ላይ ነው የሚወርደው።

እስከዚያው ቤት ውስጥ የምታደርጊው ቀላል ነው። ሻዩን ከምግብ ጋር አትጠጪው፣ አንድ ወይ ሁለት ሰዓት ይራቅ። ሽሮው ወይ ምስሩ አጠገብ ቲማቲምና ቃሪያ ቆርጠሽ ሎሚ ጨምቂበት። በእህልና በጥራጥሬ ያለው ብረት ከቫይታሚን ሲ ጋር ሲሆን በተሻለ ወደ ደም ይገባል። ሎሚው መጨረሻ ላይ፣ ሳይበስል ነው የሚገባው።

ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ሲጎድል ድብርት፣ መርሳት፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ ያመጣል። «ጾም ስለምጾም ነው እንዴ?» ትዪኝ ይሆናል። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ ያህል ስለሚያከማች ሁዳዴ ብቻውን አያራቁትሽም። ችግር የሚሆነው ፍስክ ሲሆንም የእንስሳ ምግብ የማይገኝ ከሆነ ነው። ደሞዝ ከኪራይ የማይተርፍ ከሆነ ፍስኩም እንደ ጾም ነው የሚበላው፣ ይህን እዚህ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጨጓራ አለብኝ ብለሽ ለረጅም ጊዜ ኦሜፕራዞል የምትወስጂ ከሆነም ንገሪያቸው። የቢ12ን መመጠጥ ይቀንሳል። የጨጓራ ባክቴሪያው ራሱም ብረትን ያጎድላል።

አዮዲን ላይ ብዙ አልቆይም። እንቅርት ባይወጣብሽም፣ አዮዲን የሚፈልገው ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሥራው ሲቀንስ ቁርጥ ድብርት መስሎ ይመጣል፤ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ድርቀት፣ ያለ ምክንያት መወፈር። ቲኤስኤች የሚባለው አንድ የደም ምርመራ ይለየዋል። አዮዲን ያለው ጨው ግዢ፣ ድስቱ ሊወርድ ሲል ጨምሪው።

ወደ ቲክቶኩ ልምጣ። «የደስታ ሆርሞን» የሚሉት ሴሮቶኒን አብዛኛው አንጀት ውስጥ መመረቱ እውነት ነው። ያልነገሩሽ ነገር ያ ሴሮቶኒን ከደም ወደ አንጎል አለመሻገሩን ነው። አንጎል የራሱን ራሱ ይሠራል። ሙዝ ውስጥ ያለውም እንደዚያው ነው። ሙዝ ብዪ፣ ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን በሙዝ የተፈወሰ ድብርት የለም። ጥቁር ቸኮሌት እዚህ ያለውን ዋጋ አይተሽዋል፣ በዚያ ገንዘብ እንቁላል ይሻልሻል። ስለ አንጀት ባክቴሪያና ስሜት የሚደረገው ጥናት ደግሞ ገና ልጅ ነው። «እንጀራ የቦካ ስለሆነ ጥሩ ባክቴሪያ አለው» የሚሉም አሉ። ያ ባክቴሪያ የጋለ ምጣድ ላይ ነው የሚያልቀው። እርጎ ግን በሕይወት ያለውን ይዞ ይመጣል።

«ታዲያ ምግብ ድብርት ላይ የሠራበት ጥናት የለም?» ካልሽ፣ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የፌሊስ ጃካ ቡድን ያወጣው ነው። መካከለኛና ከባድ ድብርት ያለባቸው 67 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ለ12 ሳምንት የምግብ ምክር አገኘ። ግማሹ በየጊዜው የሚያጫውተው ሰው ተመደበለት። በመጨረሻ ከምግቡ ቡድን 32 በመቶ ያህሉ ድብርቱ ለቀቃቸው። ከጨዋታው ቡድን 8 በመቶው። ጥሩ ውጤት ነው፣ ግን ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹም መድኃኒት ወይም የንግግር ሕክምና ላይ ነበሩ፣ ምግቡ በዚያ ላይ ነው የተጨመረው። በምግቡ ቡድንም ቢሆን አብዛኛው ሰው ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ለዚህ ነው ሐኪም ቤቱን አትተዪ የምልሽ።

እነዚያ ሰዎች የበሉት ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ለውዝ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ነው። ጣፋጭ፣ የተጠበሰና የታሸገ ነገር ቀነሱ። ከዓሣው በቀር የእኛ የጾም በየዓይነቱ የቅርብ ዘመዱ ነው። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ እንጀራ። ችግራችን የምግቡ ዓይነት ሳይሆን በቀን አንዴ፣ ያውም ማታ ላይ መምጣቱ ነው። ቀኑን ደግሞ በቦምቦሊኖና በለስላሳ መሙላታችን።

ሐዋሳ ላይ መሆንሽ ጥቅም አለው። አሞራ ገደል ጠዋት ብትሄጂ ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ ሲወርድ ታገኛለሽ፣ አባ ኮዳዎቹም ተሰልፈው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። እውነቱን ለመናገር የሐይቃችን ዓሣ፣ በተለይ ቆሮሶ፣ ኦሜጋ 3 በሚባለው ስብ የባሕር ዓሣን አያህልም። ግን ፕሮቲንና ቢ12 አለው። ለኦሜጋ 3 ከሆነ ሱቅ ያለው የቆርቆሮ ሰርዲን ከቴሌግራሙ ክኒን ይሻልሻል፣ ምን እንደገዛሽ ቢያንስ ታያለሽ። ተልባም ኦሜጋ 3 አለው፣ ሰውነታችን ወደሚጠቅመው ዓይነት የሚለውጠው ግን ጥቂቱን ብቻ ነው። ቆጮ ኃይል ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። የሲዳማ እናቶች ከቆጮ የሚሠራውን ቡርሳሜን በሻፌታ፣ በሸክላው ገበታ፣ ሲያቀርቡ ቅቤውንና እርጎውን የማይለዩት ያለ ነገር አይደለም። አቮካዶ በደጅሽ ነው፣ ዳቦሽን በእሱ ብዪው።

ጠዋት ጊዜ የለኝም ማለትሽን አውቃለሁ። ስለዚህ ማታ አዘጋጂው። ሁለት እንቁላል ቀቅለሽ አሳድሪ። ሰርቪስ ውስጥ ከዳቦ ጋር ይበላል። በሶ በውኃ ላስቲክ በጥብጠሽ መያዝም ይቻላል፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ጾምም ነው። ኪስሽ ውስጥ ለውዝ ያለበት ቆሎ ይኑር። ፋብሪካው ምሳ የሚያቀርብ ከሆነ አልጣፈጠኝም ብለሽ አትተዪው። ለማታ ሦስታችሁ ተዋጥታችሁ እሑድ እሑድ ምስር ወይ ሽሮ በብዛት ሥሩና ፍሪጅ ካላችሁ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ። ፍሪጅ ከሌለ በየሁለት ቀኑ ተራ ግቡ። ተራ መግባቱ ሌላም ጥቅም አለው። የተደበረ ሰው ለራሱ አይሠራም፣ ለጓደኛው ግን ይነሣል።

ጾሙን ጹሚ ወይም አትጹሚ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም። ለንስሐ አባትሽ እንዳመመሽ ንገሪያቸው። ለታመመ ሰው ሰዓት ማሳጠር አዲስ ነገር አይደለም። የጾሙን ሰዓት ከጠበቅሽ ግን 9 ሰዓት ላይ በቡና አትግደፊ። መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ጥራጥሬ ያለበት ምግብ፣ ቡናውን ግን ያን ቀን ብትተዪው ይሻላል። መድኃኒት ከታዘዘልሽ ደግሞ ጾመኛ መሆንሽን ለሐኪሙ ተናገሪ፣ በቀን አንዴ የሚወሰደውን ወደ ማታ ማዞር ብዙ ጊዜ ይቻላል። ፀበሉንም ቢሆን ለእናትሽ እምቢ አትበያቸው። ብቻ ለፀበል ተብሎ የተጀመረ መድኃኒት አይቋረጥ።

ቴሌግራሙን ተዪ ያልኩሽ ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ከምርመራ በፊት ቫይታሚን ከጀመርሽ ውጤቱ ይደበላለቃል። ብረት ሳይጎድልሽ ብረት መዋጥ ጉዳት አለው። እዚህ ሰፈር እንደ ልብ የሚወጋው የነርቭ ቫይታሚን መርፌም ቢ6 አለበት፤ ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። የጎደለሽ ነገር በምርመራ ከተገኘ ሐኪሙ መጠኑን ይጽፍልሻል፣ ያኔ ከፋርማሲ ትገዢዋለሽ።

አሁን ሐኪም ቤቱ። አብዛኛውን ቀን መከፋት፣ ወይም ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አለማስደሰቱ፣ ሁለት ሳምንት ካለፈ መታየት አለበት። አንቺ ወራት አልፎሻል። በቅርብሽ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምሪ። ሄሞግሎቢን፣ ፈሪቲን፣ ቢ12፣ ቲኤስኤች፣ የደም ስኳርና የሰገራ ምርመራ ጠይቂ። ሁሉም እዚያ ላይኖር ይችላል፣ የሌለውን የት እንደምትሠሪው ይነግሩሻል። ስሜትሽን ደግሞ «ደክሞኛል» ብለሽ አትሸፍኚው፣ ለእኔ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው። ሪፈራል ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ እዚያ መሄድ እንደማንኛውም ክፍል መሄድ ነው። መሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ምርመራም ቀጠሮም አትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን ለአንዷ ጓደኛሽ ነግረሽ አብራችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ውጤቱ ሲደርስሽ የሄሞግሎቢኑንና የፈሪቲኑን ቁጥር ጽፈሽ ላኪልኝ። የብረት ክኒን ካዘዙልሽ ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት አርቀሽ ውሰጂው። ሆድሽን ከረበሸሽ ሳታቋርጪ ንገሪኝ፣ በየሁለት ቀኑ አንዴ መውሰድም ይቻላል፣ ሐኪምሽን ጠይቀሽ።